የስልኬና የላፕቶፔ መቀናጆ

ስልኬ ከላፕቶፔ በስተቀኝ ተቀምጧል። በመካከላቸው አንድ የቡና ስኒ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። አንድ ፎቶ ከስልኩ ወደ ላፕቶፑ ማዛወር ፈለግኩ። ቴሌግራም ከፈትኩ። ፎቶውን ለራሴ ላክኩት። ላፕቶፑ ላይም ቴሌግራም ከፈትኩና እስኪወርድ መጠበቅ ጀመርኩ።

እንጀራዬ የጽሑፍ አርትዖት ነው። ደንበኞቼ ደብተር ላይ በእጃቸው የጻፉትን ያመጡልኛል። ገጹን በስልክ አነሳና ላፕቶፑ ላይ እያየሁ እተይባለሁ። በቀን 30 እና 40 ፎቶ ማለት ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ባሕር ተሻግሮ፣ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ላይ አርፎ፣ በመጣበት ተመልሶ ከስኒው ማዶ ይደርሳል። ሲሄድም ሲመለስም ከፓኬጄ ይቆረጣል። በዚያ ላይ እንደ ፋይል መላኩን ከረሳሁት ፎቶው ተጨምቆ ስለሚመጣ፣ «ለ»ን ከ«ሰ» ለመለየት ዓይኔን አጨናቁራለሁ።

ያን ቀን አጎቴ ለዓይን ሕክምና ከምሥራቅ ጎጃም መጥተው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና ጠየቁኝ።

«ምን እየጠበቅህ ነው?»

«ፎቶ እስኪመጣ ነው ጋሼ።»

«ከየት ነው የሚመጣ?»

ስልኩን አሳየኋቸው።

«ከዚህ ወደዚህ?» በጣታቸው ስኒውን ተሻገሩ።

«አዎ።»

«ታዲያ መንገድ ላይ ምን አቆመው?»

መልስ አልነበረኝም።

ገመድ የለህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሦስት አለኝ። አንዱ ቻርጅ ያደርጋል እንጂ ፋይል አያሳልፍም። ለካ እንዲህ ዓይነት ገመድም አለ፣ ውስጡ የፋይል ሽቦ የሌለው። ሁለተኛው የሚሠራው በአውራ ጣት ወደ ግራ ገፋ አድርገው ከያዙት ነው። ሦስተኛው ጤነኛ ነበር፣ አንድ ወዳጄ «ለአምስት ደቂቃ» ብሎ ወሰደው፤ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። የስልኩ ቀዳዳም ከመሰካትና ከመንቀል ብዛት ላልቷል። ስለዚህ ያለ ገመድ ላገናኛቸው ወሰንኩ።

ላፕቶፔ በ2018 የወጣ ያገለገለ ቲንክፓድ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ስገዛው ዊንዶውስ ነበረበት። እሱን ሳልነካ ከጎኑ ሊኑክስ ከሚባለው ነፃ የኮምፒዩተር ሥርዓት አንዱን ዓይነት፣ ኡቡንቱን ጫንኩበት፣ ከዚያ ወዲህ ውሎዬ ሊኑክስ ላይ ነው። ዊንዶውስን የምከፍተው ደንበኛ በድሮ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም የተጻፈ ፋይል ሲያመጣብኝ ብቻ ነው። ይህቺን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ጣጣ ታመጣለች።

የሁለቱንም ብሉቱዝ አበራሁ። ስልኬ በአማርኛ ስለሆነ «አጣምር» የሚል ቁልፍ ብቅ አለ። ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ማጣመር ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ አጎቴ።

«ሁለቱ እንዲተዋወቁ ማድረግ ነው ጋሼ። እያንዳንዱ ለብቻው ይሠራል። ሲያስፈልግ ግን አንዱ የጎደለውን ከሌላው ይበደራል።»

«መቀናጆ በለኛ!» አሉኝ።

ቃሉን ለማታውቁት፦ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ጠምደው በተራ ያርሳሉ። ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን። ይህ ነው መቀናጆ። ቢሮ ለቢሮ «የተቀናጀ አሠራር» ስንል የምንውለውም ቃሉን ከዚሁ ቤት ወስደን ነው። አጎቴ ራሳቸው በጉብዝናቸው ጊዜ ስንት ዓመት በመቀናጆ አርሰዋል። ያጫወቱኝ ግን ስለ እርሻው ሳይሆን ስለ ማታው ነው። ሲመሽ ቀንበሩ ይወርዳል፣ እያንዳንዱ የራሱን በሬ እየነዳ ወደ ቤቱ ይገባል። በሬው ባለቤት አይቀይርም።

ይህቺ ነገር ውስጤ ቀረች። በቴሌግራም ሳመላልስ የነበረው ከዚህ ሌላ ነው። ሁለቱንም በሬዎቼን ሩቅ ላለ ሦስተኛ ሰው አስረክቤ፣ ማረስ ባሰኘኝ ቁጥር ደጁ ላይ ቆሜ «እባክህ አውጣልኝ» እንደ ማለት ነበር። ደግ ሰው ነው፣ እስካሁን አልከለከለኝም። ግን ለምን?

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። «አጣምር» ስለው ስልኩም ላፕቶፑም ላይ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር መጣ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር። «ቁጥሩ ይመሳሰላል ወይ?» ይላል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። 0000 ወይም 1234 አስገብተን እንገላገል ነበር። የአሁኑ አሠራር ከብሉቱዝ 2.1 ጋር በ2007 የመጣ ነው። ብዙ ሰው ቁጥሩን የይለፍ ቃል ይመስለዋል፣ አይደለም። ሁለቱ ዕቃዎች በአየር ላይ ቁልፍ ሲለዋወጡ መሐላቸው ሌላ ሰው ገብቶ ለአንዱ አንዱን መስሎ ቢያታልልስ? ይህን ብቻቸውን ማረጋገጥ አይችሉም። ስለዚህ አጠገባቸው ያለውን ሰው እማኝ ይጠሩታል። ሁለቱንም ስክሪን የሚያየው እሱ ብቻ ነውና። ቁጥሩን ለአጎቴ አነበብኩላቸው። «ልክ ነው በላቸው» አሉኝ፣ ቁጥሩን አጥርተው ማየት ባይችሉም። ልክ ነው አልኳቸው።

ፎቶው ሄደ። ደስ አለን።

ደስታው አንድ ቀን አልቆየም። በማግስቱ አንድ የድሮ ፋይል መጣና ዊንዶውስን ከፈትኩ። እግረ መንገዴን ስልኩን ከዊንዶውሱም ጋር አጣመርኩት። ማታ ወደ ኡቡንቱ ስመለስ ስልኩ ወይ ፍንክች! ይገናኛል፣ ወዲያው ይለቃል። ያጠፋሁት መስሎኝ ደጋግሜ አበራሁ። ላፕቶፑን ዘግቼ ከፈትኩ። ልቤ ውልቅ አለ።

ነገሩ ኋላ ሲገባኝ ግን በስልኩ አልፈረድኩበትም። ሁለት ዕቃዎች ሲጣመሩ አንድ የጋራ ምስጢር ቁልፍ ይሠሩና በየቤታቸው ያስቀምጣሉ። በሌላ ቀን ሲገናኙ የሚተዋወቁት በዚያ ነው። ስልኬ ላፕቶፑን የሚያውቀው በብሉቱዝ አድራሻው ነው፣ አድራሻው ደግሞ ዊንዶውስም ይነሳ ኡቡንቱ ያው አንድ ነው። ከዊንዶውስ ጋር ሲጣመር አዲስ ቁልፍ ተሠራ፣ አሮጌው ተጣለ። ኡቡንቱ ከስልኩ ጋር የነበረውን አሮጌ ቁልፍ ይዞ ቀረ። በአንድ ቤት ሁለት ሰው ይኖራል፣ ስልኬ ግን የሚያውቀው ቤቱን እንጂ ሰዎቹን አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ሊኑክስን የምወደው። ቁልፉ ያለበት ቦታ ድብቅ አይደለም። ለብሉቱዝ በተለየ አቃፊ ውስጥ፣ በስልኩ አድራሻ ስም በተሰየመ ንዑስ አቃፊ ውስጥ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አለ። በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከፈትኩት። የስልኬ ስም አለ፣ እኔ ያወጣሁለት ስም። ዝቅ ብሎ «ቁልፍ» ከሚለው ቃል አጠገብ 32 የፊደልና የቁጥር ድብልቅ አለ። የሁለቱ ስምምነት በሙሉ ይኸው ነው፣ አንድ መስመር እንኳ አይሞላም። የዊንዶውሱን ቁልፍ ከሬጂስትሪው፣ ዊንዶውስ ማስተካከያዎቹን ከሚያኖርበት መዝገብ፣ አውጥቼ በዚህኛው ቦታ ተካሁት። የብሉቱዙን አገልግሎት አጥፍቼ አስነሳሁ። ስልኩ ሁለቱንም እንደ አንድ ሰው ይቀበላቸው ጀመር። ያን ፋይል ለማንም አታሳዩ እንግዲህ፤ የቤት ቁልፍ ነው።

ይህን ሥራ በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ሶፍትዌር ብሉዚ ይባላል። ከሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ከእምብርቱ፣ ጋር የተቀላቀለው በ2001 ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ገብቶ ያያል፣ የሚችል ያስተካክላል። እውነቱን ለመናገር ግን ሁሉም ክፍት አይደለም። የላፕቶፑ የሬዲዮ ቺፕ ሲነሳ የሚጫንበት የአምራቹ ፈርምዌር፣ ማለትም ቺፑን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ የታሸገ ነው፣ ውስጡ አይታይም። ክፍት ላፕቶፕ አለኝ ብዬ ስፎክር ይህቺን ዝም ብዬ አልፋት ነበር።

ስለ ብሉቱዝ ካነሳሁ የልጅነቴን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ትምህርት ቤት ሳለን ዘፈን የሚገኘው ከኢንተርኔት አልነበረም፣ ከሰው ነበር። «ብሉቱዝህን ክፈት» ይባባላል ሰው። ሦስት ሜጋ ዘፈን እስኪያልፍ ስልክ ለስልክ አጠጋግተን እንቆማለን፣ መጠጋጋቱ ያፈጥነው ይመስል። ከዚያ በፊት ደግሞ ኢንፍራሬድ ነበር። እሱ እንኳን በእውነትም አፍ ለአፍ መግጠም ይፈልጋል፣ ትንሽ ከተንቀሳቀስክ ከመጀመሪያው ነው። ታክሲ ውስጥ ብሉቱዝ ስንፈልግ የሚመጡት ስሞች ራሳቸው መዝናኛ ነበሩ። «አትንኩኝ»፣ «ብር አምጣ»፣ «የሰፈሩ ንጉሥ»። የትኛው ተሳፋሪ ንጉሡ እንደሆነ ለመገመት በየፊቱ እናያለን።

ንጉሥ ካልኩ ብሉቱዝ ራሱ የንጉሥ ስም ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ዴንማርክን የገዛው ሃራልድ «ሰማያዊ ጥርስ» የሚል ቅጽል ስም ነበረው። ቴክኖሎጂውን ስዊድን ውስጥ የኤሪክሰን መሐንዲሶች በ1994 ጀመሩት። ስሙን ያቀረበው ደግሞ በ1997 የኢንቴሉ ጂም ካርዳክ ነው። ሃራልድ የተለያዩ ሕዝቦችን አንድ እንዳደረገ፣ እኛም ስልክና ኮምፒዩተርን አንድ እናድርግ ብሎ። ለጊዜው የተሰጠ ስም ነበር፣ እንደ ብዙ ጊዜያዊ ነገር እዚያው ቀረ። ምልክቱም የንጉሡ ስም ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት በጥንቱ የስካንዲኔቪያ ጽሕፈት ተደራርበው ነው። እኔ ብሆን መቀናጆ እለው ነበር፣ ግን ማን ይጠይቀኛል።

ብሉቱዝ ሠራ ማለት ግን ተመቸ ማለት አይደለም። ኡቡንቱ ላይ ከስልክ የተላከ ፋይል የሚገባው የብሉቱዝ ማስተካከያ መስኮቱ ተከፍቶ ሳለ ብቻ ነው። መስኮቱን ከዘጋችሁት ስልኩ ይልካል ይልካል፣ ተቀባይ የለም። ለጥንቃቄ ተብሎ ነው፣ ይገባኛል። ለ40 ፎቶ ግን ዘገምተኛ ነው። አንድ የሙያ ጓደኛዬ «ኬዲኢ ኮኔክትን አልሞከርክም እንዴ?» አለኝ፣ ምሳ በላህ ወይ በሚል ድምፅ።

ኬዲኢ ኮኔክት ስልክና ኮምፒዩተርን የሚያገናኝ አፕ ነው፤ በ2013 አልበርት ቫካ የሚባል ፕሮግራመር በጉግል የክረምት የኮድ መርሐ ግብር የጀመረው ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። በዋይፋይ ነው የሚሠራው። ዋናው ነገር ግን ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ኔትወርክ ላይ መሆናቸው ይበቃዋል። ፓኬጅ የለም፣ ባሕር መሻገር የለም። ስልኬ ላይም ላፕቶፔ ላይም ጫንኩት። ከፈትኩት። «ምንም ዕቃ አልተገኘም» አለኝ።

ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። አንድ ዋይፋይ ላይ ናቸው። ሆድና ጀርባ ሆነዋል። ሁለት ቀን ሙሉ ያልሞከርኩት የለም። አፑን አጥፍቼ ጫንኩ። ራውተሩን ጠረጠርኩ። አንዳንድ ዋይፋይ፣ በተለይ የካፌና የሆቴል፣ እንግዶቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ያግዳልና ያ ይሆናል ብዬ የቤቴን ራውተር በርብሬ በርብሬ ምንም አጣሁ። ስልኩን ጠረጠርኩ። ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ከኋላ የሚሠራውን አፕ ሁሉ የሚገድል ስልክ ነው። ከዚያ ቅጣት ነፃ አወጣሁት። አሁንም የለም።

በሁለተኛው ቀን ማታ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከዓመት በፊት ስለ ኮምፒዩተር ደህንነት አንብቤ ደንግጬ ነበር። ኡቡንቱ ላይ ፋየርዎሉ ሲመጣ እንደጠፋ ነው የሚመጣው። እኔ አብርቼው፣ ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም ጥሪ እንዳይገባ ዘግቼ፣ በራሴ ኮርቼ ተኝቼ ነበር። ከዚያ ረሳሁት። በሩን በገዛ እጄ ቆልፌ «ማን ቆለፈው?» እያልኩ ሁለት ቀን በራሴ ደጅ ተንከራተትኩ። ኬዲኢ ኮኔክት የሚጠቀመው ከ1714 እስከ 1764 ቁጥር ያላቸውን ፖርቶች፣ የኔትወርክ በሮች በሏቸው፣ በሁለቱም የመላኪያ ዘዴ ነው፣ በቲሲፒም በዩዲፒም። እነሱን የሚከፍት ሁለት መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ። ሁለተኛውን መስመር ጽፌ ኢንተር ከመምታቴ የስልኬ ስም ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለ። መሳቅም መናደድም አማረኝ። ለባለቤቴ ግን ራውተሩ ነበር አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እጅና ጓንት ናቸው። ፎቶውን መርጬ «አጋራ» ስል ወዲያው ላፕቶፑ ውስጥ ይገባል፣ ሳይጨመቅ። ስልኬ ሶፋ ሥር ሲወድቅ ከላፕቶፑ አስጮኸዋለሁ፣ ድምፁ የተዘጋ ቢሆን እንኳ ይጮኻል። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ኮፒ ያደረግኩትን ማሻገሩ ነው፣ ምክንያቱም አማርኛ እጽፋለሁ።

ላፕቶፕ ላይ አማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ ኡቡንቱም የአማርኛ ኪቦርድ አለው። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒዩተሮች በሚጋሩት የፊደላት ዝርዝር ውስጥ፣ ከገባ ወዲህ ያ «የኔ ኮምፒዩተር ላይ ፊደሉ ተበላሽቶ መጣ» የሚባለው ጣጣ እየቀነሰ ነው። ችግሩ ጣቴ ነው። ዓመታት ስልክ ላይ ስጽፍ ኖሬ አውራ ጣቶቼ ከአሥሩም ጣቶቼ ይፈጥናሉ። የላፕቶፑ ኪቦርድ ላይ «ጸ»ንና «ፀ»ን ፍለጋ ስዳክር ሐሳቡ ያመልጠኛል። የስልኬ ኪቦርድ ደግሞ አማርኛ ሲናገሩለት ይጽፋል። ጉግል በ2017 ያመጣው ነገር ነው። ስለዚህ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፦ ደብተሩን ፊቴ ዘርግቼ ለስልኩ አነብለታለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ ኮፒ አደርግና አንድ ቁልፍ ነክቼ ላፕቶፑ ላይ እለጥፋለሁ። ከላፕቶፕ ወደ ስልክ በራሱ ይሻገራል። ከስልክ ወደ ላፕቶፕ ግን ቁልፉን መንካት ግድ ነው፤ ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ከኋላ ያለ አፕ ኮፒ የተደረገውን ማንበብ ስለተከለከለ ነው። ጥሩ ክልከላ ነው፣ ባልወደውም። የሚጻፈው ስህተት አለው፣ በተለይ የሰው ስም ላይ ጉድ ያደርገኛል። ማረም ግን ሥራዬ ነው።

አንድ ቀን ግን አዋረዱኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ስለ አጻጻፍ ሥልጠና ልሰጥ ሄጄ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘሁት። ስልኬ ኪሴ ነው። ኬዲኢ ኮኔክት ስልኬ ላይ የሚመጣውን መልእክት ላፕቶፑም ላይ እንደሚያሳይ ረስቼዋለሁ። ስለ ሥርዓተ ነጥብ እያወራሁ ግድግዳው ላይ ከላይ በኩል የባንክ መልእክት ዱብ አለ። ወጪ የሆነው ብር፣ ከዚያ ቀሪ ሂሳብ፦ 214 ብር ከ60 ሳንቲም። ሃያ ሰው አነበበው። ድብን አልኩ። ከኋላ ወንበር አንዱ «አበል ይጨመርለት!» ብሎ ጮኸ። አሁን የባንክና የቴሌብር መልእክት ወደ ላፕቶፑ እንዳይሻገር ዘግቻለሁ። አፕ በአፕ መምረጥ ይቻላል፣ እናንተ ከእኔ ቀድማችሁ ምረጡ።

መብራት ሲጠፋም ነገሩ ይለያል። ራውተሩ አብሮ ይጠፋል። ስልኩና ላፕቶፑ ግን የየራሳቸው ባትሪ አላቸው። ፎቶ ብቻ ከሆነ የማሻግረው የስልኩን ሆትስፖት አበራለሁ፣ ዳታው ጠፍቶም ቢሆን ኔትወርኩ ይሠራላቸዋል። ኢሜይል ካለኝ ደግሞ ወደ አሮጌው ብሉቱዝ እመለሳለሁ፣ ኢንተርኔቱን በእሱ በኩል ለላፕቶፑ አጋራለሁ። ቀርፋፋ ነው፣ በሰከንድ ሁለት ሜጋ ቢት ካገኛችሁ እልል በሉ። ግን ከሆትስፖት ያነሰ ባትሪ ይበላል። ለጽሑፍ ደግሞ ምን ይፈልጋል? በሻማ ብርሃን እየሠራሁ አንድ መቶ ገጽ አስረክቤያለሁ።

አጎቴ ዓይናቸው ተሽሏቸው አገራቸው ገብተዋል። ባለፈው እሑድ ሙዚቃ ከፍቼ ስተይብ ሙዚቃው በራሱ ቀጥ አለ። ስልክ ሲደወል ኬዲኢ ኮኔክት የላፕቶፑን ሙዚቃ ያቆመዋል። ስክሪኑ ጥግ ላይ «ጋሼ» የሚል መጣ። ስልኩ ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ነበርና ሮጬ አነሳሁት። የልጆቹን፣ የባለቤቴን ደህንነት በየተራ ጠየቁ። ከዚያ፦

«በሬዎችህስ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው ጋሼ። አንደኛው ትንሽ ቶሎ ይራባል እንጂ።»

«ትልቁ ነው ትንሹ?»

«ትንሹ።»

«እንዲያ ነው። አብላው እንግዲህ» አሉኝና የዝናቡን ወሬ ቀጠሉ።